የአራት ደቂቃ ማስረጃ

ኩራሞቺን የማውቀው በጭንቅላቱ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሰውን ሁሉ ከአናቱ ጀምሬ ነው የማውቀው። በየሃያ አንድ ቀኑ፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሱቄን በር ይከፍታል። አራት ሰዓት ስል አራት ሰዓት ማለቴ ነው። አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይመጣና ጥጉ ላይ ካለው የመጠጥ መሸጫ ማሽን ጀርባ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። ቀድሞ መግባት ከማርፈድ አይሻልም፣ ሰውን ሳይዘጋጅ መያዝ ነውር ነው ባይ ነው። እኔም የቆቡን ጫፍ በመስታወቴ እያየሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። አንድ ቀን እጄ ቀንቶኝ፣ ሁልጊዜ ሠላሳ አራት ደቂቃ የሚፈጀውን ቁርጥ በሠላሳ ሁለት ብጨርስለት፣ የቀሩትን ሁለት ደቂቃዎች ወንበሬ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ጨረሳቸውና ሄደ።

እኔ የኦሳካ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው የትራፊክ መብራት እስኪለቅ አይጠብቅም፤ አፉም እንደ እግሩ ፈጣን ነው። ለባል ብዬ ናጊሃማ ስመጣ፣ ከተማው በሙሉ የግድግዳ ሰዓት የዋጠ መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ቢሆንም አንዳንድ ቀን ያናድደኛል።

ናጊሃማ የባሕር ዳር ከተማ ናት፣ ከተማ ከተባለች። ባቡሯ ባለ አንድ ፉርጎ ነው፤ ተሳፋሪዎቿ በቀን ከሠላሳ አይበልጡም፤ ከነሱም ግማሾቹ ሐኪም ቤት የሚሄዱ አሮጊቶች ናቸው። ኩራሞቺ የጣቢያው ሹም ነው፤ ትኬት ቆራጩም፣ ጠራጊውም፣ አበባ አጠጪውም እሱ። መስመሩ አሮጌ ስለሆነ ባቡሩ ወደ ጣቢያው የሚገባው እሱ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ለመፍቀድ ደግሞ አምስት ነገሮችን አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። «ሐዲዱ ነፃ! መሻገሪያው ዝግ! መሳፈሪያው ባዶ! ሰዓቱ ደርሷል! መብራቱ አረንጓዴ!» ይላል። የሚሰማው ሰው የለም፤ ግን ይላል። አንዷ ቃል ከተበላሸች እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ልማዱ ከሥራው አልፎ ኑሮውን ወርሶታል። ከሱቄ ሲወጣም «ቆብ፣ አለ። ጃንጥላ፣ አለ። እትዬ ያሱኖ፣ ደህና ናት» እያለ በጣቱ ጠቁሞኝ ነው የሚሰናበተው። ልጁ ሐኪሙ ከተናገረላት ቀን ሁለት ቀን ቀድማ ብትወለድ፣ አዋላጇ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቋል ይባላል። ሚስቱ እውነት ነው ትላለች፤ እስካሁንም አላሳቃትም።

እንግዲህ በዚህ ሰው እጅ በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ባቡር አልዘገየም። ባቡር ሲዘገይ ጣቢያው ለተሳፋሪው ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል ደቂቃ አስዘግይቼዋለሁ ብሎ ማኅተም ያደርግበታል። ሰውየው ወስዶ ለአለቃው ያሳያል። ያለዚያ ወረቀት «ባቡሩ ነው» የሚል ሰው ቀጣፊ ነው። በኩራሞቺ መሳቢያ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ሳጥን፣ መቶ ቅጠል የመዘግየት ማስረጃ አለ፤ ወረቀቱ ወይቦ ሻይ እስኪመስል ድረስ አንድም አልተቀደደም። የባቡር ድርጅቱም ይህን ሰምቶ፣ ኩራሞቺ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ራሳቸው በባቡር መጥተው የነሐስ ሰሌዳ እንዲሰጡት ቀጠሮ ያዘ። ሰሌዳው ላይ «ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ዜሮ ደቂቃ» ተብሎ ተቀርጿል።

አሁን ወደ ኦሪቶ ወንድማማቾች ልምጣ፤ እነሱም ደንበኞቼ ናቸው። ታላቅየው ጋሽ ጎይቺ ሰማንያ አራት፣ ታናሽየው ጋሽ ዜንጂ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። የሚለያያቸው አንድ አጥር ነው፤ ሆኖም ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። የሰፈሩ የማስታወቂያ ማኅደር ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፣ ጋሽ ጎይቺ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አጥሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ጋሽ ዜንጂ ሦስት ሰዓት ከአንድ ላይ ያነሱታል። ያቺ አንድ ደቂቃ ድንበራቸው ናት። እኔም አንዳቸውን ሰኞ፣ ሌላቸውን ሐሙስ እየቆረጥኩ ነው ያቆየኋቸው። ጋሽ ጎይቺ ወንበሬ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ወለሉን ያስጠርጉኛል፤ የወንድማቸው ፀጉር ከፀጉራቸው ጋር እንዳይገናኝ ነው።

የጠቡ መነሻ አራት ደቂቃ ነው። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት አባታቸው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ፣ ከተማ ይሠሩ ለነበሩት ለጋሽ ዜንጂ ስልክ ተደወለ። በቀኑ ባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ይገባል፤ ከጣቢያ እስከ ቤታቸው ሦስት ደቂቃ ነው። አባትየው ስምንት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ አረፉ። ጋሽ ዜንጂ ስምንት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ እያለከለኩ ደረሱ። ታላቅየው በር ላይ ጠብቀው ሰዓታቸውን አዩና አራቱን ደቂቃ የት ነበርክ አሏቸው። ባቡሩ ዘግይቶ ነው አሉ። ማስረጃህን አሳየኝ ተባሉ። ጋሽ ዜንጂ ሐዘኑን ትተው ወደ ጣቢያ ሮጡ፤ የያኔው ሹም ኦኩዳይራ መዝገቡን ገልጠው አሳዩአቸው፦ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት፣ በሰዓቱ ገብቷል። በቃ። አባቱ እየሞተ መንገድ ላይ የተዝናና ልጅ ተባሉ። ከተማውም አላረፈ፤ አንዱ ከማሽን ቡና ሊጠጣ ቆሞ ነው አለ፣ ሌላው ሲጋራ ሲያጨስ ነው አለ፣ የደበቃት ሴት አለችው ያለም ነበር። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚቻል ያየሁት እዚህ ከተማ ነው።

ጋሽ ዜንጂ ጡረታ ሲወጡ ተመልሰው ከአጥሩ ማዶ ሰፈሩ። ግን ለአንድም ተዝካር አልተጠሩም። እኛ ሙታንን በዓመት እንቆጥራለን፤ የሞቱበትም ዓመት ይቆጠራል። በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሦስተኛው እያልን ተዝካር እናወጣለን። ሠላሳ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ አባት አባት መሆኑ ያበቃል፤ ከቀደሙት ሁሉ ጋር ይደባለቅና በስሙ የሚጠራው የለም። የኦሪቶ አባት ሠላሳ ሦስተኛ ተዝካር ደግሞ በዚያው እሑድ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ጋሽ ዜንጂ አባታቸው አባታቸው ሆነው ሳሉ፣ ፊታቸው ቀርበው አልዋሸሁም ለማለት የቀራቸው ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተዝካሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጣቢያ ሄደው የመዘግየት ማስረጃ ጠየቁ። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ለተሳፈሩበት ባቡር። በእኛ አነጋገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ኩራሞቺ አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ከምድር ቤት አሮጌውን መዝገብ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በሰዓቱ ገብቷል አላቸው። ጋሽ ዜንጂ አመስግነው፣ ጎንበስ ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ደግመው መጡ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም። አይለምኑም፣ አይጨቃጨቁም፤ ትኬት መቁረጫው ፊት ቆመው «የአራት ደቂቃዋ ማስረጃ ካለች ብዬ ነው» ይላሉ። የለችም ይባላሉ። ይሄዳሉ። እኔ ጣቢያው ፊት ካለው ሱቄ ሆኜ እያየሁ በሁለቱም ተናደድኩ፤ አንዱ ግግም፣ ሌላው ደረቅ።

ረቡዕ ዕለት ኩራሞቺ በቀጠሮው መጣ። ፀጉሩን ጨርሼ ፂሙን እላጫለሁ። ምላጬን ጉሮሮው ሥር እንዳደረግሁ፣ ጋሽ ዜንጂ ዛሬም መምጣታቸው አይቀርም አልኩት፤ እንዲያው ለወሬ ያህል።

ህቅ አለ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው ሳደማ የመጀመሪያዬ ነው። አገጩ ላይ ጥጥ ይዤ ይቅርታ ስጠይቅ እሱ እኔን ይቅርታ ይጠይቃል፣ በመሃል ህቅ ይላል። ውሃ ሰጠሁት፤ ህቅ። ትንፋሽህን ያዝ አልኩት፤ ያዘ፣ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ህቅ። ምን ሆነሃል ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እትዬ ያሱኖ፣» አለኝ፣ «ባቡሩ ዘግይቷል።»

«የቱ ባቡር?»

«የጋሽ ዜንጂ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። በዚሁ ነገር ነው።»

ያን ቀን፣ ሥራ በጀመረ በአራተኛ ዓመቱ፣ ኩራሞቺ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ ባቡሩን ሊያስገባ ጣቱን ዘረጋ። «ሐዲዱ ነፃ! መሻገሪያው ዝ— ህቅ!» ሕጉ ሕግ ነው፣ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ሙከራ ሦስተኛዋ ቃል ላይ ደርሶ ህቅ አለ። በአምስተኛው ሙከራ መብራቱ ላይ ደርሶ ሁሉም ያለቀ ሲመስለው፣ «አረን— ህቅ!» ባቡሩ ከጣቢያው ውጭ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በመስኮቱ አንድ ሰው ግማሽ አካሉን አውጥቶ ወደ አንድ ቤት ጣሪያ ይመለከታል። ጋሽ ዜንጂ ነበሩ፤ የአባታቸውን ጣሪያ እያዩ አራት ደቂቃ ቆሙ። ባቡሩ ሲገባ ኩራሞቺ ለሹሙ ለኦኩዳይራ ሁሉንም ተናዘዘ። ኦኩዳይራ ቅጹን አወጡ። ቅጹ ላይ የመዘግየት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፦ ዝናብ፣ በረዶ፣ ነፋስ፣ እንስሳ፣ ሰው። ስቅታ የለም። ኦኩዳይራ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡና ምክንያት የሌለው መዘግየት መዘግየት አይደለም ብለው በሰዓቱ ገብቷል ብለው ጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ዜንጂ ለማስረጃ ሲመጡ፣ ኩራሞቺ ከጀርባ ክፍል ሆኖ አፉን በፎጣ ይዞ ነበር። ማስረጃው የተፈለገው ስለ ሞት መሆኑን ያወቀው ሦስት ቀን ቆይቶ ነው።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠብቄአት ቆየሁ፣» አለኝ። «ያቺን ዜሮ። እሷን ስጠብቅ ሌላ አንድም ሳላጠፋ ቀረሁ።»

እኔ የኦሳካ ሰው ነኝ፣ አልታገስም። «ጻፍላቸዋ!» አልኩት። «አንድ ቁራጭ ወረቀት እኮ ናት፤ መቶ አስቀምጠህ ለማን ልታወርሳት ነው?»

ሰሌዳው ተቀርጾ አልቋል አለ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን ይመጣሉ አለ። ቅጹ ላይ አሁንም ስቅታ የለም አለ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ሳይጠቁመኝ፣ ቆቡን ረስቶ ወጣ። ቆቡን ይዤ ብከተለውም ዞር አላለም። ያን ጊዜ አዘንኩለት፤ ሰው ለካ ባዶ ቁጥር ተሸክሞም ሊጎብጥ ይችላል።

እሑድ ጋሽ ጎይቺን ለተዝካሩ በጠዋት ላጨኋቸውና ጥቁር ልብሴን ለብሼ ጣቢያው ፊት ቆምኩ። ተዝካሩ ላይ ተጠርቻለሁ፤ ሆኖም የሰሌዳውን ነገር ሳላይ መሄድ አልቻልኩም። ባቡሩ የሚገባው አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው። አራት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ጋሽ ዜንጂ መጡ። እሳቸውም ጥቁር ለብሰዋል፤ ያልተጠሩበት ቤት ሊሄዱ ነው። የዛሬው አመጣጣቸው የመጨረሻቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ መቁረጫው ፊት ቆመው ጎንበስ አሉ።

ኩራሞቺ አያቸው። ከዚያ ሰዓቱን አየና ወደ መሳፈሪያው ወጥቶ ጣቱን ዘረጋ።

«ሐዲዱ ነፃ! መሻገሪያው ዝግ! መሳፈሪያው— ህቅ!»

እንደገና ጀመረ። ባቡሩ ሁለት መቶ ሜትር ላይ መጥቶ ቆመ። በመስኮቱ የፕሬዚዳንቱ ራስ ወጣ። ኩራሞቺን ላብ አጠመቀው፤ ሦስተኛ ጀመረ፣ አራተኛ ጀመረ፤ ጉሮሮው እንቢ ይላል፣ ጣቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሳይጠራ ቢያስገባው ማን ያየዋል? እኔና ጋሽ ዜንጂ ብቻ። ግን አላደረገውም፤ ባያደርገው እንደሚሻል እኔም ገባኝ። በሰባተኛው አምስቱም ቃላት ንጹሕ ሆነው ወጡ። ሰዓቱ አራት ከአርባ አምስት ይላል።

አሥራ አንድ ተሳፋሪዎች ወረዱ፣ ፕሬዚዳንቱ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለውን ሰሌዳ አቅፈው። ደግ ሰው ናቸው፤ ኩራሞቺን ወደ ጥግ ወስደው፣ አራት ደቂቃ ምን አላት፣ ነሐስ አይፋቅም፣ መዝገቡ ላይ በሰዓቱ ብለህ ጻፍ አሉት። ልክ እንደ ኦኩዳይራ። ኩራሞቺ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ገብቶ የቆርቆሮ ሳጥኑን አመጣ።

«ስለ ዛሬው አራት ደቂቃ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣» አለ ለሁሉም። «ግን ተራ አለ። መጀመሪያ የዘገዩት እኚህ ናቸው።»

ጋሽ ዜንጂን በጣቱ ጠቆማቸው።

ቁጥር አንድ ማስረጃ አምስት ደቂቃ ፈጀች። የቀን ማኅተሙ በዘመነ መንግሥት ነው የሚቆጥረው፤ የቀድሞውን ንጉሠ ነገሥት ዘመን አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን በእጁ ጻፈ። ከዚያ ምክንያቶቹ ዘንድ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዝናብ፣ በረዶ፣ ነፋስ፣ እንስሳ፣ ሰው። ማስመሪያ አወጣ፤ ከ«ሰው» ሥር አንዲት ንጹሕ ሣጥን አሰመረ፤ «የሠራተኛው ስቅታ» ብሎ ጽፎ ምልክት አደረገባት። ተሳፋሪዎቹ ተሰልፈው ያያሉ። ጋሽ ዜንጂ ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመት የያዙት ትንፋሽ ይሁን አላውቅም፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለውን እናቴ ስትደጋግመው እሰለች ነበር። ያን ቀን አልሰለቸኝም።

ለአሥራ አንዱም ጻፈላቸው፤ ለፕሬዚዳንቱም ጭምር። ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ ተኮሳትረው ነበር፤ ወረቀቷን ሲያነቡ ግን፣ ሚስቴ ለምን አመሸህ ስትለኝ ይጠቅመኛል ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ሰሌዳውን አሁን እኔ ሱቄ ውስጥ የፎጣ መስቀያ አድርጌዋለሁ፤ ኩራሞቺ ቤቴ አላስገባውም ስላለ።

የቀረው ተዝካሩ ነው። ኩራሞቺ ራሴ ቀርቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ጣቢያውንስ ማን ይጠብቃል? የሚቀጥለው ባቡር ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ኩራሞቺ ዙሪያውን አየ፤ የምልክት ባንዲራውን በፕሬዚዳንቱ እጅ አስያዘና በጣቱ ጠቁሞ «ተረኛ፣ አለ» አለ። ሰውየውም ምን ይበሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኛ ሦስታችን አራት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ላይ ተነሣን። ድሮ ሦስት ደቂቃ የነበረው መንገድ ለሰባ ሰባት ዓመት እግር ሰባት ደቂቃ ሆኗል። ኩራሞቺ ሰዓቱን እያየ ከሽማግሌው እኩል ይንፏቀቃል፤ ሊያዝላቸው ጎንበስ ሲል በጃንጥላቸው ጎኑን ጎሸሙት።

ጋሽ ጎይቺ አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ይሄ ነው የገረመኝ። ለማንም የማይጠብቁ ሰው ናቸው፤ ለመንግሥት ተወካይ እንኳ አልጠበቁም። ከኋላቸው በተከፈተው በር መነኩሴው የደወሉን መምቻ አንሥቶ በአየር ላይ ይዞ እንደተቀመጠ ይታያል፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ጎይቺ ወንድማቸውን ሳይሆን ሰዓታቸውን አዩ።

«አምስት ሰዓት ከአራት፣» አሉ። ለወንድማቸው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ጋሽ ዜንጂ ማስረጃውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ታላቅየው መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ ቀኑን፣ የባቡሩን ቁጥር፣ አራቷን ደቂቃ። ምክንያቱ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ኩራሞቺን አዩት።

«ስቅታ?»

«ስቅታ፣» አለ ኩራሞቺ፣ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ።

ጋሽ ጎይቺ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይሄ የአባባ ነው። የዛሬውስ?»

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ጋሽ ዜንጂ ግን ከደረት ኪሳቸው ሌላ ቅጠል አወጡ፤ ኩራሞቺ እኛ ሳናይ አጥፎ ሰጥቷቸው ኖሯል። አራት ደቂቃ፣ የጣቢያው ጥፋት፣ ማኅተም። ለሰባቱ ደቂቃ መንገድ አስቀድሞ ማስላቱ ነው፤ እኔ የማውቀው ኩራሞቺ ይኸው ነው። ጋሽ ጎይቺ አነበቡ፣ አጠፉ፣ እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ባቡሩ ሲቆም ከግቢው ሆኜ አየሁት፣» አሉ። «ያለ ቦታው፣ ከጣቢያው ውጭ። አራት ደቂቃ ቆመ። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ባቡር እንደዚያ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አባባ ያን ቀን ዓይኑን ገለጠና ‘ባቡሩ ገባ?’ አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፣ ስምንት ከአሥራ አምስት ይላል። ‘ገብቷል አባባ፣ እየመጣ ነው’ አልኩት። ደስ አለው። በሩን እያየ ሞተ። አንተ መንገድ ላይ ስትዝናና የሚሞት አባቴን ዋሸሁ ብዬ ነው የጠላሁህ። የዋሸሁትስ እውነት ነው፤ ያስዋሸኸኝ ግን አንተ አልነበርክም።»

«ጋሼ፣» አሉ ጋሽ ዜንጂ፣ «እኔ እኮ ጣሪያችንን እያየሁ ነበር።»

አለቀስኩ፣ አልክድም። ኩራሞቺ ግንባሩን ከጠጠሩ አላነሣም፤ ጋሽ ጎይቺ በወንድማቸው ጃንጥላ ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ ተነሥ፣ ጠጠሩን ትላንት ነው ያስተካከልኩት አሉት።

ገባን። መነኩሴው ክንዱን አውርዶ እያሻሸ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ መንደር ተዝካር እንዳለበት በፍርሃት ተናገረ፤ ኩራሞቺ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከብብቱ አውጥቶ ለሱም ጻፈለት። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተንበረከኩ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል፤ ያንን ለማጥበብ ገና ብዙ ሐሙስና ብዙ ሰኞ ያስፈልጋል። ጋሽ ጎይቺ የመጀመሪያዋን ማስረጃ አባታቸው ፎቶ ፊት፣ ከሩዙ ጎን አስቀመጡ። ቀጥ ብላ እንድትቆም ጠርዟን በጣታቸው አስተካከሏት።

ጸጥ ባለበት ከኋላዬ አንድ ህቅ ተሰማ። ጋሽ ጎይቺ አልዞሩም። ፎቶውን እያዩ፣ «አባባ፣» አሉ፣ «ባቡሩ አሁን ገባ።»

መነኩሴውም ደወሉን መታ።